በሦስተኛው ዘፈን ላይ የተነገረው

ሀይሌ ጋርመንት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሩፋት
ማናማ፣ ባሕሬን

ጉዳዩ፦ የስፖንጅ ኅልፈት

በስቱዲዮአችን ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ለአርባ ስድስት ቀናት በትጋት ያገለገለው አዲሱ ስፖንጅ፣ አንድ ክንድ በአንድ ስንዝር የሚሆን አካሉ፣ ጥቅምት 17 ቀን ሀና ማርያም ቅዳሴ ላይ እያለሁ በአይጥ ተበልቶ መገኘቱን የማሳውቅዎ በከባድ ሐዘን ነው። ዜናውን ያዘገየሁት ድንጋጤው እስኪበርድልኝ ነው። ሟቹ ለአዲስ ዓመት ተብሎ የተገዛ፣ ወፍራምና ጭምት ነበር። በአጭር ዕድሜው የባጃጅ ጥሩምባን፣ የጎረቤት ውሻንና የአከራዬን የአቶ ማሞን ሳል ከማይክሮፎኔ ሲከላከል ኖሯል። ወጥመድ ተጠምዷል። ምርመራው ቀጥሏል።

መርዶውን ካረዳሁ ዘንድ ወደ ሰላምታው ልለፍ። እንዴት ሰነበቱ? የማዳምዎ ጉልበት ተሻላቸው? እግዚአብሔር የእርስዎን ጉልበት ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለራስዎም ያቆይልዎ። እናትዎ እማማ በቀለች ደህና ናቸው። ጉንፋን ነክቷቸው ነበር፤ አሁን ለቋቸው እኔን ይዞኛል።

«የቤተሰብ ጉዳይ በድምፅ አትላክብኝ፣ ጻፈው» ባሉኝ መሠረት በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬያለሁ። እውነትዎን ነው። ትርጉም ፊልም ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ድምፁ የራሱ አይደለም። ጀግናውንም፣ ሽፍታውንም፣ ሙሽራይቱንም፣ የሙሽራይቱን አያትም የምናገረው እኔው ብቻዬን ስለሆንሁ፣ «እማማ በቀለች ደህና ናቸው» ስል የሚሰማኝ ሁሉ ቀጥሎ ተኩስ ይጠብቃል።

አብሮ የመጣው «ፖስተኛው አይሞትም» የተሰኘው የህንድ ፊልም ነው። ለገበያ ያወጣሁት ቅጂ ሌላ ነው፤ ይህ የእርስዎ ነው። እንደ ልማዳችን ዘፈን ዘፈኑን አልተረጎምሁም። እነሱ ዛፍ ለዛፍ ሲሯሯጡ እኔ የቤተሰብ ዜና አቀርባለሁ። በመጀመሪያው ዘፈን እማማ በቀለች እዚሁ መጥተው በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ። በሁለተኛው የሰፈር ዜና አለ። ሦስተኛው የእኔ የግል ጉዳይ ስለሆነ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይስሙት።

መግቢያው ላይ «ይህን ትርጉም ያለ ፈቃድ ማባዛትም ሆነ ማጋራት በሕግ ያስቀጣል» የሚለው ማስጠንቀቂያ እርስዎን አይመለከትም። ለሌባ የተጻፈ ነው።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ስፖንጅ ይላኩልኝ። አይጥ የማይወደው ዓይነት ካለ ደግሞ እሱን።

ከአክብሮት ጋር
በፍቃዱ
(የፖስተኛው፣ የሽፍታውና የአያትየዋ ድምፅ)


ማናማ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

በፍቄ የኔ ጌታ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉንፋኑስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማዳምም እኔን ለመጥራት የሚበቃ ጤና አላት። ለስፖንጁ ነፍስ ይማር። የሟች ቤተሰብ ካለ አጽናናልኝ።

ፊልሙን አየሁት። ፖስተኛው ዘጠኝ ጥይት ተመትቶ ደብዳቤውን ማድረሱን ወደድሁለት። እኛ ቤት አንድ ጥይት ሳይተኮስበት መንገድ የሚቀር ስንት ነገር አለ። እናቴ «ትሩፋትዬ፣ ጸጉርሽን ተሠሪ፣ በፎቶ ላይ ከስተሻል» ስትል፣ እነዚያ ከኋላዋ በአበባ መሐል ሲዘሉ፣ መሳቅም ማልቀስም አልቻልሁም። ጸጉሬን ተሠራሁ።

ሦስተኛውን ዘፈን አራት ጊዜ ሰማሁት። በቃሌ ያዝሁት። እንዳትክድ ልጻፍልህ፦ «እትዬ ትሩፋት፣ ይህን ፂማም ሽፍታ ይዩት። ቁርጥ አከራዬን አቶ ማሞን። ልዩነታቸው ሽፍታው አምፖል አያጠፋም። አቶ ማሞ ሰው ራት እየበላ ሳለ ‘እጅህ የአፍህን መንገድ በጨለማ አያውቀውም?’ ብለው መብራት ያጠፋሉ። ልጃቸውን ሄርሜላን ግን እወዳታለሁ። እሷም ትወደኛለች። ሁለት ዓመታችን ነው። ሽማግሌ ልልክ ነው፤ እሳቸውን ሳስብ ግን ቀኑን እገፋዋለሁ። ይጸልዩልኝ። አሁን ዘፈኑ አለቀ፤ ሽፍታው ‘ግደሉት!’ ይላል።»

አንተ ልጅ! ሠላሳ ሦስት ዓመትህ ነው። የምትኖረው በሰውየው ግቢ፣ የምትሠራው በሰውየው ሰርቪስ ክፍል፣ የምትወደው የሰውየውን ልጅ። ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለህ? ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ልከህ ሰውየው ሽሮ አቅርበው ይመልሱሃል። ሦስት ጨዋ ሰው ፈልግ፤ አንዱ ቢያንስ ጆሮው የሚሰማ ይሁን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው። ከፊልም ውስጥ አንድ ዘፈን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል? ሰው ካየው በኋላ ማለቴ ነው።

እህትህ ትሩፋት


ሀይሌ ጋርመንት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሩፋት

ጉዳዩ፦ ስለ ስርቆት (አስቸኳይ)

ላለፈው ጥያቄዎ መልሱ «አይቻልም» ነው። ለምን እንደጠየቁኝ ግን ትናንት ታክሲ ውስጥ ገባኝ።

ከላፍቶ ተሳፍሬ «ወራጅ አለ!» አልሁ። ረዳቱ ዞሮ አየኝ።

«እስኪ ድገመው።»

«ወራጅ አለ።»

«ሹፌር፣ አቁመው! ሦስተኛው ዘፈን እኮ ነው! ወንድሜ፣ እስኪ አንድ ጊዜ ‘ግደሉት’ በልልን!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አንዱ «ሽማግሌው ተላከ ወይ?» አለኝ፤ እንደማውቀው ሰው። ሌላው «ዐቢይ ጾም ሊገባ እኮ ነው» አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ተዉት አታጣድፉት፤ ሰውየው አምፖል ያጠፋሉ» ብለው አዘኑልኝ። ረዳቱ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ፤ እኔ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ለመክፈል ቸኩዬ አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ ፈለግሁት። «የአርብ ሲኒማ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ነው፤ አርባ አንድ ሺህ ተከታይ አለው። የተለጠፈው የትኛው ቅጂ እንደሆነ መርማሪ አላስፈለገም፤ ሌባው በፊልሙ ውስጥ አሥራ ሰባት ጊዜ «እትዬ ትሩፋት» ተብሎ ተጠርቷል።

እትዬ፣ በአክብሮት ልናገርና ይህ ስርቆት ነው። አሥራ አንድ ቀን ጉሮሮዬን ልጬ የሠራሁት ነው። አያትየዋን ለመናገር ብቻ ሁለት ቀን ማር በሎሚ ጠጥቻለሁ። ማስጠንቀቂያው እርስዎን አይመለከትም ብዬ ነበር። አነሣዋለሁ። ይመለከታል።

የስርቆቱ ነገር ግን ሁለተኛ ነው። አንደኛው አቶ ማሞ ናቸው። የግቢው ልጆች በበራቸው ባለፉ ቁጥር «አምፖሉን አጥፋ!» እያሉ ይሮጣሉ። እሳቸው ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆሙ ሰነባብተዋል። ሲያዩኝ ኮታቸውን ያስተካክሉና ይገባሉ። እሁድ እሁድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ሳሎናቸው ውስጥ እስከ ማታ ይቀመጣሉ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እንዳለው ሰው። ክፍሉን ልቀቅ ቢሉኝ ስቱዲዮ የለኝም። ልጄን ተዋት ቢሉኝ ደግሞ ስቱዲዮው ለምኔ ነው?

ሄርሜላ ከምትሠራበት ፋርማሲ አንዲት መልእክት ላከችልኝ፦ «እንኳን ለአርባ አንድ ሺህ ምስክር አበቃህ።» ቀልድ ይሁን ቁጣ ለማወቅ ሃያ ጊዜ አነበብሁት። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ከሌለው ነገር ምንም አይገባኝም።

መልስዎን በአስቸኳይ እጠብቃለሁ። ስፖንጁ ይቅር።

በፍቃዱ


ማናማ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

በፍቄ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ፣ እንኳን ለጥምቀቱ፣ ያለፈህን በዓል ሁሉ በአንድ ላይ እንኳን አደረሰህ። ዕረፍቴ አርብ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት አርብ ፈጀብኝ። ሦስቱን ቀደድኋቸው። በሦስቱም ላይ «እኔ አይደለሁም» የሚል ነበረባቸው።

እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ስማ። አርብ አርብ ዘጠኝ ሆነን የተከራየናት አንዲት ክፍል አለች፤ እንተኛለን፣ ጸጉር እንሠራራለን፣ አገር እናማለን። አንተ እንዳልኸው በጆሮ ማዳመጫ አደረግሁት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ትን አለኝ። ከወራቤ የመጣች መርዋ የምትባል ልጅ አለች፤ «ምን ያስቅሻል ብቻሽን?» አለችኝ። ብቻዬን መሳቅ አሳፈረኝና ገመዱን ነቀልሁት። ወንጀሌ ይኸው ነው። ገመድ ነቀልሁ።

ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። እናቴ «ትሩፋትዬ» ስትል ስምንቱም ወደ ስልኩ ተጠጉ። «ድገሚው» አሉኝ። አምስት ጊዜ ደገምነው። ፊልሙን አይደለም፤ እናቴን። ከዚያ መርዋ «ለኩዌት ልጆች ልላክላቸው» አለች፤ ሰጠኋት። ቻናሉ የእሷ መሆኑን አላውቅም ነበር ልልህ አስቤ ነበር። አውቅ ነበር። አርባ አንድ ሺህ መሆኑን ግን በእግዜር ስም አላውቅም።

መርዋን ስጮህባት «ሰደቃ ነው እትዬ» አለችኝ። «በሰው ጉሮሮ ሰደቃ አለ እንዴ?» ብላት አለቀሰች። ካልህ ታጠፋዋለች፤ ቃሏ ነው።

ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁን ደግሞ ስድቤን ተቀበል። «ያለ ፈቃድ ማጋራት በሕግ ያስቀጣል» ብለህ በትልቁ የጻፍኸው ከህንዱ ካስፈቀድህ በኋላ ነው? ወረቀቱን አሳየኝ እስኪ። ያ ፖስተኛ ሆኖ የተጫወተ ምስኪን ሀይሌ ጋርመንት የሚባል ሰፈር ውስጥ አንተ እየተናገርህለት እንደሚውል ያውቃል? «ህንዱ ሩቅ ነው፣ አይጎዳም» ትለኝ ይሆናል። እኔም ሩቅ ነኝ። ሩቅ ያለ ሰው አይጎዳም ያለህ ማነው?

አንድ ትእዛዝ አለኝ፤ ተናድደህም ቢሆን ፈጽመው። ሽማግሌውን ላክ። አንድ ልመናም አለኝ፤ በሚቀጥለው ፊልም ዘፈን ላይ ስማቸውን እንድትጠራ ስምንቱም ለምነዋል። ስማቸውን ብቻ። ዝርዝሩን ከነቤተሰቦቻቸው ስልክ አያይዣለሁ፤ ዜና ባይኖርህም ዝም ብለህ ጥራቸው።

ትሩፋት


ሀይሌ ጋርመንት፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሩፋት

ጉዳዩ፦ ስለ ህንዱ

ስድብዎ በሚገባ ደርሶኛል፤ አንድም አልጎደለም።

ሁለት ቀን ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን ለፊልሙ ባለቤቶች ኢሜይል ጻፍሁ። «ክቡራን ሆይ፣ በፍቃዱ እባላለሁ። ለስድስት ዓመት ስሰርቃችሁ ኖሬያለሁ። አሁን ተሰርቄ ስላየሁት እንዴት እንደሚያም ገብቶኛል። ይቅርታችሁንና ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ፤ ጀግናችሁን በክብር ነው የያዝሁት።» በአንድ ደቂቃ መልስ መጣ! «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልሳለን» ይላል። ማሽን ነው። አምስት የሥራ ቀን ሆነው። የህንድ በዓል ይሆን?

ስለ ሌባ ካነሣን ግን አንድ ሌባ ላስተዋውቅዎ። ላፍቶ መታጠፊያው ላይ በስልክ ፊልም የሚጭን ኢሉ የሚባል ሰው አለ። ከመርዋ ቻናል አወረደው፤ መግቢያው ላይ ያለውን ስሜን ቆረጠና «ትርጉም፦ በኢሉ» ብሎ ለጠፈበት። ዘፈኖቹን ግን አልሰማቸውም። ስለዚህ የኢሉ ትርጉም መሐል ላይ «እኔ በፍቃዱ» ይላል፤ «እማማ በቀለች» ይላል፤ ሄርሜላን ይወዳል! ሄጄ አፋጠጥሁት።

«እከስሃለሁ» አልሁት።

«በምን?»

«የኔን ፊልም ሰርቀህ!»

«ያንተን?» አለኝ፤ ፊልም መጫኑን እንኳ ሳያቆም። «ህንዱን ጠርተህ ና፣ ሦስታችን እንነጋገራለን።»

እንግዲህ እርስዎና ኢሉ በአንድ ነገር ተስማምታችኋል፤ አላኮራኝም። ግን መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። ኢሉ ስሜን ሲቆርጥ ደሜ ፈላ። እርስዎ ገመዱን ሲነቅሉ ግን፣ አንብቤው ስጨርስ፣ ደሜ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። አንድ ዓይነት ስርቆት ናቸው ብዬ ልጽፍ ብዕሩን አነሣሁ፤ እጄ አልጽፍም አለ። መርዋን አታጥፊው በሏት። ምክንያቱን ስደርስበት እጽፋለሁ።

የሚያስፈራው ግን ይኸውና። ትናንት አቶ ማሞ በሬ ላይ ቆሙ። ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው፦ «የካቲት ዘጠኝ። እሁድ። ከቅዳሴ መልስ። ሳሎን።» ሄዱ። ልክ እንደ መጥሪያ። ማይክሮፎኔን በካርቶን አሽጌዋለሁ። ሄርሜላን «ምን ሊሉኝ ነው?» ብላት «ሄደህ ስማ፤ አንተ እንደሆንህ ሁልጊዜ ሌላው ሲናገር አትሰማም፤ አንተው ትናገርለታለህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፈርቻለሁ።

በፍቃዱ


ማናማ፣ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

በፍቄ፣

ዛሬ ረጅም አልጽፍም፤ ዘጠኛችንም ምግብ አልበላ ብሎናል። መርዋ ሰኞና ሐሙስ ጾማልሃለች። ሌላዋ ለሀና ማርያም ጃንጥላ ተስላለች፤ ሀና ማርያምን በዓይኗ አይታት አታውቅም።

ስማኝ። እሁድ ስትገባ ጫማህን ጥረግ። ወንበር ሳይሰጡህ አትቀመጥ። አትዋሽ። አምፖል ከበራ ራስህ ተነሥተህ አጥፋው።

ቢቆጡ ደግሞ ጥፋቱን በኔ አድርገው። «ዘመዴ ናት፣ ውጭ አገር ያለች፣ ያሰራጨችብኝ እሷ ናት» በላቸው። ይርገሙኝ። እዚህ ድረስ ምን ያደርጉኛል? ዘጠኝ ዓመት ለሠርግም ለለቅሶም ያልደረስሁ ሰው ነኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከዚህ ሆኜ አንድ ሰው ልጥቀም።

የሆነውን ወዲያው ጻፍ። በድምፅም ላክ። ተኩስ ቢመስልም ግድ የለኝም።

ትሩፋት


ሀይሌ ጋርመንት፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ትሩፋት እና ለስምንቱ

ጉዳዩ፦ እፎይ

በድምፅ ያልላክሁት እየሳቅሁ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሳምንት የዘገየሁት ደግሞ ነገሩ ሳያልቅ ላለመጻፍ ነው። አሁን አልቋል። ብሉ፤ ነገ ጾም ነው።

እሁድ ገባሁ። አቶ ማሞ በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት። ጠረጴዛው ላይ ስልካቸው፤ ስልኩ ላይ «ፖስተኛው አይሞትም»፤ በትክክል ሽፍታው ላይ ቆሟል። ቆሜ ቀረሁ።

«ይህ ነው?» አሉኝ ሽፍታውን በጣታቸው መታ እያደረጉ።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ይህ ነው እኔን የሚመስለው?»

«በፂም ብቻ፣ ጋሼ።»

ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሰውየው መልከ መልካም ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ተነሥተው መብራቱን አጠፉና በመስኮት በሚገባው ብርሃን ተቀመጡ።

«ስማ» አሉኝ። «በዚህች ሳሎኔን ከክፍልህ በምትለይ ቀጭን ኮምፔርሳቶ ግድግዳ ስድስት ዓመት ሰምቼሃለሁ። አንድ ፊልም አላመለጠኝም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ የሚያወራኝ አንተ ነህ። ግን መልካቸውን አይቼ አላውቅም። ይህ ፖስተኛ እኮ ወፍራም ነበር የሚመስለኝ!»

«ጋሼ... ሦስተኛውን ዘፈንስ?»

«ስትቀዳው ሰማሁት። ጥቅምት ላይ።»

እትዬ፣ ወለሉ ከሥሬ ሄደ። አርባ አንድ ሺህ ሰው ከመስማቱ በፊት፣ እርስዎ ገመዱን ከመንቀልዎ በፊት፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ከመጀመሩ በፊት፣ ሰውየው ሰምተው ጨርሰው ነበር።

«ታዲያ ለምን ዘጉኝ?» አልሁ፤ ድምፄ የአያትየዋ ሆኖ ወጣ።

ሰውየው ገነፈሉ። «ሽማግሌ ልልክ ነው ብለሃላ! ከጥቅምት ጀምሮ በየእሁዱ ክራቫት አስሬ እጠብቃለሁ! ማንም የለም! ታኅሣሥ መጣ፣ የለም። ጥምቀት አለፈ፣ የለም። ባሕሬን ነገርህ፣ ኩዌት ነገርህ፣ የታክሲ ረዳት ጠየቀኝ፤ ለኔ ግን አልነገርኸኝም! ልጄን ንቀህ ነው? እኔን ንቀህ ነው?»

ከኩሽና በር ሥር የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ሄርሜላ ናት። ታውቅ ነበር። «ምስክር አበቃህ» ያለችኝ ቀልድ ኖሯል፤ እኔ ለሃያ ጊዜ ቁጣ አድርጌ አነበብሁት።

ያኔ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማፈሬን፣ ስለ ህንዱ፣ ስለ ኢሉ። ጥፋቱን ግን በእርስዎ አላደረግሁትም፤ ይቅርታ፣ ትእዛዝዎን አፈረስሁ። «ተሰረቅሁ ብዬ ዘመዴን ሌባ አልኋት» አልኋቸው። አቶ ማሞ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩና፣

«እኔስ? ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳላስፈቅድህ ሰማሁ። ሌባ ነኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ጎረቤት ነዎት!»

«እነዚያ ልጆች የሚኖሩበት ክፍል ካንተ ጋር የሚጋራው ግድግዳ ስለሌለው ነው እንጂ፣ ቢኖረው ጆሯቸውን አይለጥፉም ነበር?» አሉኝ። «ያ ስምህን የቆረጠው ግን ሌባ ነው። አሳየኝ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ።» አነጋገሩት። ሁለት ደቂቃ ምንም ሳይናገሩ ቆመው አዩት። ኢሉ ስሜን ወደ ቦታው መልሷል፤ ከበፊቱ በትልቁ።

የህንዱ ጉዳይ እንዳለ ነው፤ የሥራ ቀናቱ አላለቁም። እኔ ግን ማስጠንቀቂያውን አንሥቻለሁ። ያልተፈቀደለት ሰው አትስረቁኝ ብሎ መጻፉ ከእንግዲህ ያሳፍረኛል። በምትኩ «ፊልሙ የባለቤቶቹ ነው፤ ፈቃድ ጠይቀን እየጠበቅን ነው። ድምፁ የበፍቃዱ ነው፤ ስሙን አትቁረጡ» ብያለሁ። መልስ እስኪመጣም አዲስ ፊልም አልሠራም። የዘፈኖቹን ዜና ግን ብቻውን እቀዳዋለሁ፤ እሱ የማንም አይደለም፣ የእኛ ነው። ለመርዋ ዛሬ ይደርሳታል፤ ታጋራው። ስምንቱም በስማቸው ተጠርተዋል። የመርዋን እናት ስልክ ደውዬ አግኝቻቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ እሷም ጸጉሯን ትሠራ ዘንድ ታዝዛለች። እናቶች ተመካክረው ይሁን አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ቅዳሜ ሄዱ። በወጉ መሠረት አንዴ «ዘመድ እናማክር» ተብለው፣ ሁለቴ ተመልሰው፣ በሦስተኛው ሊሳካላቸው ተዘጋጅተው ነበር። ገና ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ አቶ ማሞ «እሺ ብያለሁ» አሏቸው። ቅር ብሏቸው ወጡ። አንደኛው «ያጠናሁትን ንግግር እንኳ አላስጨረሱኝም» እያለ እስከ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ድረስ ሲነግረኝ መጣ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሄርሜላ «ትሩፋት ካልመጣች ሦስተኛው ዘፈን አይዘፈንም» ብላለች። ማዳምን ያስፈቅዱ። የዘጠኝ ዓመት ሠርግና ለቅሶ በአንድ ቀን ይካካሳል።

ማይክሮፎኑ ከካርቶን ወጥቷል።

ከሙሉ ደስታ ጋር
በፍቃዱ


አባሪ፦ እርማት

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈው ደብዳቤ፣ የስቱዲዮው ምሥራቃዊ ግድግዳ ስፖንጅ «በአይጥ ተበልቶ ተገኝቷል» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት መሆኑ ታውቋል። አዲሱ ስፖንጅ ከመጠን በላይ ወፍራም ሆኖ ድምፅ ስለከለከላቸው፣ ጥቅምት 17 ቀን በትርፍ ቁልፍ ገብተው በዳቦ ቢላዋ የቆረጡት የቤቱ ባለቤት አቶ ማሞ መሆናቸው በራሳቸው አንደበት ተረጋግጧል። ቁራጩ በሳሎናቸው ወንበር ላይ፣ ከጀርባቸው ሥር፣ በመልካም ይዞታ ላይ ተገኝቷል። ያለ ጥፋቱ ስሙ የጎደፈውን አይጥ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ወጥመዱ ተነሥቷል። ይህ እርማት በየትኛውም ቻናል እንዳይለጠፍ በአክብሮት እናሳስባለን።

አምፖልን በሚመለከት ቀደም ሲል የተሰጠው መግለጫ እንዳለ ይጸናል።